የባጃጅ የፊት እግር፤ ማድረቅ ወይስ ማደስ?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ መድረክ ስለ አገር ልማት፣ ስለ ትምህርት መስፋፋትና ስለ ወጣቱ ግዴታ ብዙ ተነግሯል። ዛሬ እኛ የምንናገረው ስለ አንድ ትንሽ ጎማ፣ ስለ አንድ አጭር የብረት ክንድና ስለ አንድ ሞላ ነው። ይኸውም በየቀኑ በመልካ ጀብዱ መንገድ የሚመላለሱት ባጃጆች የሚቆሙበት የፊት እግር ነው። ከእናንተ መካከል ነገሩ ለዩኒቨርሲቲ አዳራሽ አይመጥንም የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምነዋለን።

መልካ ጀብዱ ከድሬዳዋ ከተማ በስተ ምዕራብ የምትገኝ ሰፈር መሆኗን የማያውቅ ከመካከላችን ያለ አይመስለንም። አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በጥር 2018 መደበኛ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፣ ከዚያም በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ነጻ የንግድ ቀጣናው ከተመረቀ ወዲህ፣ በዚያ አቅጣጫ የሚጓዘው ሰውና ዕቃ በዝቷል። ታዲያ ባቡሩ ሰውን ጣቢያ ያደርሰዋል እንጂ ቤቱ አያደርሰውም። ከጣቢያ ወደ ቤት፣ ከፋብሪካ ወደ ገበያ የሚያደርሰው ባጃጅ ነው። መንገዱም ከአስፋልቱ ሲወጡ አሸዋና ድንጋይ ይሆናል። የዚያን ድንጋይ ምት ሁሉ አስቀድሞ የሚቀበለው የፊት ጎማ ነው፤ እርሱም ብቻውን ነው፤ ወንድም የለውም። ከኋላ ካሉት ሁለት ጎማዎች አንዱ ቢደክም ሌላው ይደግፈው ይሆናል። የፊተኛው ቢሰበር ግን መሪውም ፍሬኑም አብረውት ይሄዳሉ። ስለዚህ ስለ ፊት እግር የምንናገረው ስለ ሦስት ተሳፋሪዎችና ስለ አንድ ሾፌር ሕይወት ነው።

ይህ የፊት እግር ከየት እንደ መጣ ማወቅ ለጥገናው ይረዳል። ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለው ኢጣልያዊ መሐንዲስ ከጦርነቱ በፊት የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር ሥራ ሰው ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1946 ለፒያጆ ኩባንያ ቬስፓን ሲነድፍ፣ የፊት ጎማውን እንደ ብስክሌት በሁለት እግር መካከል አልሰቀለውም። እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ጎማ በአንድ ወገን ብቻ በሚይዝ ክንድ ላይ አቆመው። የተበሳ ጎማ እንደ መኪና ጎማ በቀላሉ ወልቆ እንዲለወጥ ያሰበው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ ያው ኩባንያ ባለ ሦስት ጎማውን አፔን አወጣ። የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1959 ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ለመሥራት ከመንግሥቱ ፈቃድ አገኘ፤ ከፒያጆም ጋር በነበረው ውል መሠረት ይሠራ ጀመር። እኛ ዘንድ የኩባንያው ስም የተሽከርካሪው ስም ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ በመልካ ጀብዱ አሸዋ የሚንገላታው የፊት እግር የዘር ሐረጉ ከጣልያን ስኩተር የሚመዘዝ ነው። ስኩተሩ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጭኖ በከተማ መንገድ እንዲሄድ የታሰበ ነበር፤ ልጁ ግን ቤተሰብና ከረጢት ጭኖ በደረቅ ወንዝ ይሻገራል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የፊት እግር አራት ተግባር አለው። አንደኛ፣ ጭነቱን ይሸከማል። ሁለተኛ፣ የመንገዱን ምት ያለዝባል፤ ይህ የሞላው ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ ሞላው ከተጨመቀ በኋላ እንዳይዘል ያረጋጋዋል፤ ይህ የሾክ አብዞርበሩ ሥራ ነው። አራተኛ፣ ጎማውን በትክክለኛው መሥመር ይዞ መሪውን ያስታዝዛል፤ ይህ ክንዱን ከመሪው አንገት ጋር የሚያገናኙት የፒኑ፣ የቡሹና የኩሽኔታው ሥራ ነው። ጥገና ማለት አራቱንም መመለስ ነው። አንዱን አብዝቶ ሦስቱን መርሳት ጥገና አይባልም።

የባጃጅ ጎማ ትንሽ መሆኑም ይታወስ። ቸርኬው ባለ 8 ኢንች ነው፤ ጎማው ሲለብሰው ከዳር እስከ ዳር 41 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ጎማ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጉድጓድ ላይ ሲያልፍ 2.6 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል። 62 ሳንቲ ሜትር የሆነ የትንሽ መኪና ጎማ በዚያው ጉድጓድ የሚወርደው 1.7 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሒሳቡ የክብና የሦስት ማዕዘን ሒሳብ ነው፤ ማንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊደርስበት ይችላል። እንግዲህ መኪና ሳይሰማው የሚያልፈው ጉድጓድ ለባጃጅ ትልቅ ጉድጓድ ነው ማለት ነው።

በጋራዦቹ ስንዘዋወር ያየነውን በአራት ከፍለን እናቀርባለን። የደከመ የፊት እግር ሲመጣ አንዳንዱ ባለሙያ ወፈር ያለ ሞላ ይገጥማል። አንዳንዱ ከሞላው ሥር ሮንዴላ ወይም የቧንቧ ቁራጭ ይደረድራል። አንዳንዱ የተሰነጠቀውን ክንድ በብየዳ ይለጥፋል። ሾክ አብዞርበሩን ግን ዘይቱ ፈስሶ ባዶ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ሳይነኩት ይተዉታል። ባለቤቱና ሾፌሩም በዚህ ይስማማሉ፤ ምክንያቱም ባጃጁ ከጋራዥ ሲወጣ ፊቱ ከፍ ብሎ፣ ደረቅ ሆኖ፣ ጠንካራ መስሎ ስለሚታይ ነው።

የንግግራችን ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ ድርቀት ጥንካሬ አይደለም። ሞላው አልታጠፍ ባለ ቁጥር ምቱ አይጠፋም፤ መንገዱን ለውጦ ወደ ሌላ ይሄዳል። ወዴት ቢሉ፣ ወደ ክንዱ ብየዳ፣ ወደ መሪው አንገት፣ ከዚያም ወደ ሾፌሩ ክንድና ወደ ተሳፋሪው ወገብ ነው። በመጨረሻም ከሁሉ ደካማ የሆነው ቦታ ይሰበራል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። የሞላ ድርቀት ከሽቦው ውፍረት ጋር በአራተኛ ርቢ ያድጋል። ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ ሽቦው ከ8 ሚሊ ሜትር ወደ 9 ሚሊ ሜትር ቢወፍር፣ በዓይን እንኳ የማይለየው ይህ 1 ሚሊ ሜትር ሞላውን በ60 በመቶ ያደርቀዋል። እንደዚሁም 10 የሚሠሩ ጥምዝምዞች ያሉት ሞላ ሁለቱ ቢቆረጡበት በ25 በመቶ ይደርቃል፤ በዚያ ላይ አጥሮ ይቀራል። አሁን ደግሞ ባጃጁ ሲጫን የፊት ሞላው 5 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል እንበል። እንዲህ ያለ እግር ሲነካ በአንድ ሰከንድ 2.2 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። ሞላው እጥፍ ቢደርቅና የሚወርደው 2.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ ውዝዋዜው በሰከንድ ወደ 3.2 ይወጣል። ያን ጊዜ ባጃጁ እንደ ተናደደ በቅሎ ይዘላል፤ የዘለለ ጎማ ደግሞ መሬት አይነካም። መሬት ያልነካ ጎማ መሪ የለውም፤ ፍሬንም የለውም።

ሮንዴላ መደርደርም ሌላ ነገር ነው። ሮንዴላ ሞላውን አያደርቀውም፤ የሚያደርገው የባጃጁን ፊት ማንሣት ነው። ፊቱ ሲነሣ ግን ጎማው ወደ ጉድጓድ ተከትሎ የሚወርድበት ርቀት ያጥራል። የመሪው አንገት ማዘንበያም ይለወጥና መሪው ይከብዳል። ፊቱ ያለ መጠን ዝቅ ሲል ደግሞ በተቃራኒው መሪው ይቀላል፤ በፍጥነትም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የፊቱ ከፍታ ሾፌሩ ደስ እንዳለው የሚወሰን ነገር አይደለም። ፋብሪካው በወሰነው ልክ ሊመለስ የሚገባው ነው።

ስለ ሾክ አብዞርበርም ጥቂት እንበል። በውስጡ ዘይትና ትናንሽ ቀዳዳዎች ያሉት ፒስቶን አለ። ሞላው ሲንቀሳቀስ ዘይቱ በቀዳዳዎቹ ተጨንቆ ያልፋል፤ እንቅስቃሴውም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሞላ ያለ ሾክ አብዞርበር እንደ ፈረስ ያለ ልጓም ነው። ቀደም ሲል የጠቀስነውን በ60 በመቶ የደረቀ ሞላ እንደ ቀድሞው ለማረጋጋት ወደ 26 በመቶ ያህል የበለጠ ኃይል ያለው ሾክ አብዞርበር ያስፈልጋል። ወፍራም ሞላ ገጥሞ ባዶ ሾክ አብዞርበር መተው ማለት እንግዲህ ፈረሱን አጠናክሮ ልጓሙን መፍታት ነው። አንዳንድ ሾክ አብዞርበር ተፈትቶ ጎሚኒውና ዘይቱ የሚለወጥ ነው። ተዘግቶ የተሠራውን ግን ቀዳዳ በስቶ፣ ዘይት ጨምሮ መልሶ መበየድ አይገባም፤ የተዘጋ ዕቃ ሲግል ሊፈነዳ ይችላልና። እርሱን በአዲስ መለወጥ ነው።

አሁን ወደ አሸዋው እንመለስ። በእኛ አገር የፊት እግርን አስቀድሞ የሚገድለው ጉድጓዱ ብቻ አይደለም፤ ከድንጋዩ ይልቅ አሸዋው ተንኮለኛ ነው። ደቃቅ አሸዋ ከግራሶ ጋር ሲቀላቀል ሞረድ ይሆናል። ፒኑንና ቡሹን ቀስ በቀስ ይሞርዳል፤ ክብ የነበረው ቀዳዳም ሞላላ ይሆናል። ክንዱ ወደ ጎን መወላገድ ሲጀምር ጎማው ያዘነብላል፤ ጎማውም በአንድ ወገን ይበላል። ሾፌሩም ጎማው መጥፎ ነው ብሎ ጎማ ይለውጣል። ሌላ ጎማ፣ እንደገና ሌላ ጎማ፤ የበሽታው ሥር ግን ዋጋው እጅግ ርካሽ የሆነው ቡሽ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የቶርኖ ባለሙያዎችን ማመስገን ይገባናል። ባቡር ድሬዳዋ ከገባበት ከ1902 እ.ኤ.አ. ወዲህ በምድር ባቡር ጋራዥ የብረት ሥራ የተማሩ ብዙዎች ናቸው፤ ሙያውም ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጌታ ወደ ደቀ መዝሙር ተላልፎ በከተማው ተሠራጭቷል። ያነጋገርናቸው አንድ ጋሼ የቡሹን መላላት ባጃጁ ገና በር ላይ ሳለ በጆሯቸው እንደሚለዩ ነገሩን፤ እያየናቸውም አደረጉት። እኛ ደግሞ በሞላላ ቀዳዳ ውስጥ የገባ አዲስ ክብ ቡሽ ለምን ቶሎ እንደሚላላ በወረቀት ሥለን አሳየናቸው፤ ቀዳዳው አስቀድሞ በቶርኖ ክብ ሆኖ ለዚያው መጠን ቡሽ ሊቀረጽለት እንደሚገባም ተስማማን። ጆሮና ወረቀት በተገናኙበት ቀን ሥራ እንደሚቃና ያን ጊዜ ተረዳን።

ብየዳን በተመለከተ ነገራችን አጭር ነው። የተሰነጠቀ ክንድ የተበየደ ዕለት ጠንካራ ይመስላል። ነገር ግን የብየዳው ሙቀት በአጠገቡ ያለውን ብረት ጠባዩን ይለውጠዋል፤ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ ከብየዳው ጎን እንደገና ይጀምራል። የወንበር እግር ወይም የዕቃ መጫኛ ይበየድ። ጎማ የሚይዝ ክንድ ግን ከተሰነጠቀ ይለወጥ። በገንዘብ መቆጠብ የሚቻልባቸው ብዙ ቦታዎች አሉ፤ ይህ ከእነርሱ አንዱ አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከባለሙያዎቹ ጋር ተመካክረን፣ አንድ የሥራ ቀን ሊበቃው የሚችል የእድሳት ቅደም ተከተል አዘጋጅተናል። እርሱም ከርካሹ ጀምሮ ወደ ውዱ ይሄዳል።

በመጀመሪያ ምርመራ ነው። ባጃጁ ቆሞ ሳለ ፊቱን በኃይል ወደ ታች ተጭኖ መልቀቅ። ተነሥቶ ወዲያው ከረጋ ደኅና ነው፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘ ሾክ አብዞርበሩ ሞቷል። ቀጥሎ ፊቱን በክሪክ አንሥቶ ጎማውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መነቅነቅ፤ ከተንቋቋ ቡሹ ወይም ኩሽኔታው ተበልቷል። ከዚያም መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ማዞር፤ መሃል ላይ ሲደርስ ያዝ የሚያደርግ ከሆነ የአንገቱ ኩሽኔታ መቀመጫ ጎድጉዷል። በመጨረሻ ክንዱን በጋዝ አጥቦ፣ በጨርቅ አድርቆ፣ በብየዳዎቹ ዳር ስንጥቅ መፈለግ። ይህ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ ገንዘብም አያስወጣም።

ሁለተኛው መፍታት ነው። ሞላ ተጨምቆ የተቀመጠ ኃይል ስለሆነ በመጨመቂያ ተይዞ ቀስ ተብሎ ይለቀቅ እንጂ ዳዶው ብቻ ተፈትቶ እንዳይወረወር። ፊትና እጅ ከሞላው አቅጣጫ ይራቁ።

ሦስተኛው መለወጥ ነው። ቡሽ፣ ፒን፣ ጎሚኒና አሸዋ ማገጃ አስቀድመው ይለወጡ፤ አሮጌው ግራሶ ሙሉ በሙሉ ታጥቦ አዲስ ይግባ። በአሮጌው ላይ አዲስ መጨመር አሸዋውን ማዳቀል ነው። ከዚያ ሾክ አብዞርበሩ ይታይ። ሞላው ግን መጨረሻ ይምጣ። ርዝመቱ ተለክቶ ከአዲስ ሞላ ጋር ይነጻጸር፤ አጥሮ ወይም ተሰንጥቆ ከተገኘ ብቻ በዚያው ዓይነት ይተካ። ብዙዎች ከሞላው ጀምረው ሳይጨርሱ ያቆማሉ፤ እኛ ደግሞ ከቡሹ ተጀምሮ ምናልባት ሞላው ጋ ሳይደረስ ሥራው ያልቃል እንላለን።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህ ሁሉ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ስለምን አይደረግም? መልሱ በብረቱ ውስጥ የለም፤ በኪስ ውስጥ ነው። ብዙው ሾፌር ባጃጁ የራሱ አይደለም። ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስገባል፤ የተረፈው የልጆቹ እንጀራ ነው። ባጃጁ አንድ ቀን ጋራዥ ቢውል ሾፌሩ የዚያን ቀን እንጀራ ያጣል፤ ባለቤቱ ደግሞ ገቢውንም የመለዋወጫውንም ዋጋ ያሰላል። ስለዚህ ሁለቱም ለአንድ ሰዓት ብየዳ ይስማማሉ። ሾፌሩ ሰነፍ ወይም ባለሙያው አላዋቂ ስለሆነ አይደለም። አደጋውን የሚሸከመው አንዱ፣ ገንዘቡን የሚወስነው ሌላው ስለሆነ ነው። በመካከል ያለው ተሳፋሪ ደግሞ ከቶ አይጠየቅም። ባለቤቶች የእድሳቱን ቀን ከገቢ ነጻ ቢያደርጉ ለራሳቸውም ይተርፋቸዋል፤ በየጊዜው ከሚለወጠው ጎማና ከሚደጋገመው ብየዳ ይድናሉና። ይህን በቁጥር አሳይቶ ማሳመን ደግሞ የእኛ የተማርን ነን ባዮች ፋንታ ነው።

አሁን መጀመሪያ ላይ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። የባጃጅ እግር የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው ወይ? እኛ ነው እንላለን። በክፍል ውስጥ ስለ ሞላና ስለ ውዝዋዜ እኩልነት ተምረን ፈተና አልፈናል። በመጻሕፍቱ ያሉት ምሳሌዎች ግን ያላየናቸው መኪኖችና ያልረገጥናቸው መንገዶች ናቸው። እዚሁ ከግቢያችን በር ላይ ያው እኩልነት በሦስት ጎማ ቆሞ ተሳፋሪ ይጠራል። ዕውቀታችን ለእርሱ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። መምህራኖቻችን የባጃጁን የፊት እግር ለልምምድና ለመመረቂያ ሥራ እንዲሰጡን፤ የዩኒቨርሲቲው ወርክሾፕ ቅዳሜ ቅዳሜ ለከተማው ባለሙያዎች ተከፍቶ ቶርኖውንና መለኪያውን አብረን እንድንጠቀም፤ ማኅበራችንም ይህን የምርመራ ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ፣ በሥዕል፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አባዝቶ በመልካ ጀብዱና በከተማው ጋራዦች እንዲያድል። ገጹን ለመጻፍ የአማርኛው ረቂቅ ከእኛ ዘንድ አለ። ኦሮምኛውንና ሶማሊኛውን የሚጽፉ ጓደኞች ዛሬ ከስብሰባው በኋላ ስማቸውን ለማኅበሩ ጸሐፊ እንዲሰጡ እንጠይቃለን።